ዜማውን እናውቀዋለን፤ ባለቤቱንስ?

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። በሁለት ፕሮግራሞች መሐል ሁላችንም የምናውቀው ያ የመሣሪያ ሙዚቃ ገባ። ረዳቱ በሩን በጣቱ እየመታ ምቱን ይከተላል፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ደግሞ ያንጎራጉራል። «የማን ነው?» አልኩት። «የድሮ ነው» አለኝ።

«የድሮ» የሰው ስም አይደለም። የዛሬው ጽሑፌ መነሻ ይህ መልስ ነው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሙዚቃው «ሙዚቃዊ ስልት» ይባላል። የተቀዳው በ1977 በወጣው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» አልበም ውስጥ ነው። ዜማውን የደረሱት ግርማ በየነ ናቸው። ኪቦርዱን የተጫወቱት ኃይሉ መርጊያ ናቸው። አልበሙን ያወጣው የአሊ አብደላ ካይፋ ሙዚቃ ቤት ነው። በሃያ አንድ ዓመቱ፣ በ1998፣ ዳክታሪስ የተባለ የኒው ዮርክ ባንድ በራሱ አልበም ውስጥ አካተተው። ዓለም ዞሮ የመጣ ዜማ ነው ማለት ነው።

አልበሙ የወጣበትን ዓመት ልብ በሉልኝ። 1977 ቀይ ሽብር የተፋፋመበት ጊዜ ነው። በሌሊት መንቀሳቀስ ተከልክሏል። ዋልያስ የሚጫወቱት በአዲስ አበባ ሒልተን ነበር። ሰዓት እላፊው ከገባ በኋላ ታዳሚው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል እስኪነጋ ድረስ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም አብሮት ያነጋል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር በኩል በሚያልፍበት ዘመን፣ ግጥም የሌለው የመሣሪያ ሙዚቃ ትንሽ መተንፈሻ ነበር ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ጉዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከሀገር ወጥቶ አሜሪካ ውስጥ ተዘዋውሮ ለመጫወት ከቻሉት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ባንዶቻችን አንዱ ነው። ታዳሚው በአብዛኛው አዲስ የተሰደደው ሐበሻ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዶቹ ተመለሱ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኩ ገብሬ እዚያው ቀሩ። «ለምን ቀሩ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ራሴን በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው የመመለሻ ትኬት ይዤ አስበዋለሁ። ሀገር ቤት የሚጠብቀኝ ደርግ ነው። መልሱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ሦስት ዓይነት መመለስ ያሳየናል።

የመጀመሪያው ሰውየው እዚያው ኖሮ ድምፁ ብቻ የሚመለስበት ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልደው፣ በልጅነታቸው አዲስ አበባ የገቡ፣ አኮርዲዮን ይዘው የጀመሩ ሰው ናቸው። በ1985 አሜሪካ ሆነው አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ሙዚቃው ቀዘቀዘ፤ ኑሮ ገፋቸውና ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመሩ። ኪቦርዳቸውን ግን ከመኪናው ኮፈን አላወረዱም። ተሳፋሪ እስኪመጣ ተራ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ያንን ካሴት ብራያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ገዛው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ዓለም መድረክ ወጡ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አወጡ።

ሁለተኛው ሰውየው ራሱ የሚመለስበት ነው። ግርማ በየነ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባን ድምፅ ከቀረጹት ሰዎች አንዱ ናቸው። ፒያኖ ይጫወታሉ፣ ዜማና ግጥም ይደርሳሉ፣ ከሁሉም በላይ ያቀናብራሉ። ራሳቸው ዘፍነው ያስቀረጹት ጥቂት ነው፤ ለሌሎች ያቀናበሩት ግን በአሥር የሚቆጠር ነው። የታላላቆቹን ዘፋኞች ድምፅ ስንሰማ ከኋላ ያለው የነሐስ መሣሪያ አገባብ ብዙ ጊዜ የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። አሜሪካ ከቀሩ በኋላ ግን ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ራቁ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተው አዲስ አበባ ተመለሱ። በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር የሠሩት አልበም በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሠላሳኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። አስቡት፤ ከተማው ሁሉ የሚያፏጨውን ዜማ የደረሰ ሰው በዚሁ ከተማ መንገድ ላይ ሲያልፍ «ማን ናቸው?» ተብሎ ቢጠየቅ ስንቱ ይመልሳል?

ሦስተኛው እየሄዱ እየተመለሱ መኖር ነው። ማሕሙድ አሕመድ መርካቶ ተወልደው፣ ጫማ ጠርገው፣ አሪዞና ክለብ ተላልከው ከክቡር ዘበኛ ባንድ ጋር የዘፈኑ ሰው ናቸው። «እሬ መላ መላ» በ1975 እዚሁ ተሠርቶ በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ሲታተም አውሮፓ አወቃቸው፤ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት አገኙ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከዋልያስ ጋር አሜሪካን ከዞሩት ዘፋኞች አንዱ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን ቤታቸውን አልለቀቁም። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2017 ላይ፣ በሰማንያዎቹ ዕድሜያቸው፣ በሚሊኒየም አዳራሽ የመጨረሻውን ኮንሰርት አቅርበው መድረኩን ተሰናበቱ። ሕዝቡ በሕይወት እያሉ አመሰገናቸው። ይህ ለእኛ ብርቅ ነው። ጥላሁን ገሠሠን ያስታውሷል። ከአሜሪካ በተመለሱ ማግስት ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አረፉ፤ ከተማው መስቀል አደባባይ ወጥቶ አለቀሰ። እኛ በቀብር አንታማም። የምንታማው ከዚያ በፊት ባለው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ያደግኩት ሾላ አካባቢ ነው። እንደማንኛውም ቤት አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ነበረን። አንዳንዶቹ ካሴቶች ጫፋቸው ላይ ያለችው ቀዳዳ በወረቀትና በፕላስተር ተደፍናለች። ምን ማለት እንደሆነ የእኔ ዕድሜ እኩዮች ታውቃላችሁ፤ ዋናው እንዲጠፋና ሌላ እንዲቀዳበት ነው። ከዓመታት በኋላ አንዱን ባጫውተው የአክስቴ ሠርግ ነው፤ እልልታ፣ ጭብጨባ፣ የሕፃን ለቅሶ። መጨረሻው ላይ ሠርጉ ሲያልቅ ለአፍታ ጸጥ ይልና ያልጠፋች አንዲት ደቂቃ ተኩል የኦርጋን ሙዚቃ ትመጣለች፤ ከዚያ ካሴቱ ያልቃል። የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሽፋኑ የለም። ማንንም አልወቅስም፤ አዲስ ካሴት ውድ ነበር፣ ሠርጉም የእኛው ነው። ግን የሀገር ትዝታ እንዲህ ነው የሚጠፋው። በክፋት ብቻ አይደለም፤ በቁጠባም ይጠፋል።

ስለዚህ የኃይሉን ካሴት ባሕር ዳር ላይ ፈረንጅ አገኘው፣ «ኢትዮፒክስ»ንም ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ አሳተመው ብለን ከማፈር በፊት አንድ ነገር እናስተውል። ካሴቱ ባሕር ዳር የተገኘው አንድ ነጋዴ ሳይጥለው ስላቆየው ነው። የሸክላዎቹ መሠረትም ከ1969 ጀምሮ የመንግሥትን ሞኖፖል ጥሶ ያሳተመው አምሃ እሸቴ ነው። እሱም ተሰዶ፣ ዋሽንግተን ምግብ ቤት ከፍቶ፣ በኋላ ሀገሩ ገብቶ በ2021 እዚሁ አዲስ አበባ አረፈ። ሥራውን የሠሩትም ያቆዩትም የእኛ ሰዎች ናቸው። እኛ ያጎደልነው ስማቸውን መጻፍና ድርሻቸውን መክፈል ነው።

«ትተውን የሄዱት እነሱ አይደሉም ወይ? ምን ዕዳ አለብን?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ክርክሩን አልንቀውም፤ ሀገር ቤት ቀርቶ በችግር የሞተ ሙዚቀኛም ሞልቷል። ዕዳው ግን የመኖሪያ አድራሻ አይጠይቅም። ዜማው በየቀኑ እየተጫወተ ነው፤ ሬዲዮው፣ ሆቴሉ፣ ማስታወቂያው ይጠቀምበታል። ሕግም አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብት ይሰጣል፤ ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ የሮያሊቲ አሰባሰብን አስገብቷል። የጎደለው አፈጻጸሙ ነው። አፈጻጸሙ ደግሞ በትንሽ ነገር ይጀምራል፤ ያ የሬዲዮ ጣቢያ ሙዚቃውን ሲከፍት «የግርማ በየነ ድርሰት፣ ዋልያስ ባንድ» ቢል አምስት ሰከንድ አይፈጅበትም። ስሙ ካልተመዘገበ ክፍያው ለማን ይደርሳል?

ጠዋት ጠዋት ወደ እንጦጦ የምትወጡ የየካ ልጆች የባሕር ዛፉን ሽታ ታውቁታላችሁ። ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ዛሬ ግን እንጦጦን ያለ እሱ የሚያስባት የለም። ከውጭ የመጣውን ዛፍ የራሳችን ለማድረግ ይህን ያህል ከቻልን፣ ከራሳችን ወጥቶ የተመለሰን ሰው እንግዳ ማድረግ አይገባንም።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ያለውን የካሴት ካርቶን አውርዱ። ሽፋኑ ላይ የተጻፉትን ስሞች አንብቡ፤ ከዘፋኙ ስም በታች በትንንሽ ፊደል ያሉትን ጭምር። ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። አባት፣ እናት፣ አጎት ካሉ «ይህን የት ነው የሰማችሁት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የሚቀጥለው ሰው ታክሲ ውስጥ «የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «የድሮ ነው» እንዳትሉት።

ቸር ይግጠመን።