የጋፋት ሥራ ቤትና የድንች እርሻ፤ ስለ ሞያ ሥልጠና አንድ የታሪክ አስተያየት

ዛሬ በደብረ ታቦር አካባቢ ለገጠር ወጣቶችና ሴቶች አትክልትና ፍራፍሬ ማቀነባበርን ለማስተማር ሲታሰብ፣ በዚያው ስፍራ የተሞከረውን የቀድሞ ትምህርት ማስታወስ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ፣ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት በስዊስ አገር በክሪሾና የተማሩ ወጣቶችን ላከላቸው። እነ ዋልድማየርና ዛልሙለር የመጡት ወንጌል ለመስበክ ሲሆን የእጅ ሥራም ያውቁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀመጧቸው፤ የአገር ልጆችም አብረዋቸው እየሠሩ እንዲማሩ ተደረገ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. ግን ደብረ ታቦር ተቃጠለች፤ መድፉ ወደ መቅደላ ተጎተተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ ወር ሞቱ። አሠልጣኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ሄዱ። የሥራው አዛዥም ፈላጊም አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ፣ እርሱ ሲያልፍ ሥራ ቤቱም አለፈ። ብረት ሠሪም «ቀጥቃጭ» እየተባለ ይናቅ ነበርና፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል።

በዚያው ዘመን፣ በ1850 ዓ.ም. ገደማ፣ ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሺምፐር ድንችን ወደ አገራችን እንዳስገባ ይነገራል። ሰው ፊቱን በሰፊው ወደ ድንች የመለሰው ከክፉ ቀን ረኀብ ወዲህ ነው። ዛሬ በፋርጣና በጉና ተራራ ዙሪያ ከደገኛው ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ሆኗል። ድንች ጥቅሙ በየጓዳው ስለ ታየ የንጉሥ ትእዛዝ ሳያስፈልገው ኖረ።

ይሁን እንጂ ድንች ከአምስት እጅ አራቱ ውሃ ነው፤ ሳይቆይ ይበሰብሳል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣው ዋጋው ይወድቃል። የፎገራ ቲማቲምም እንዲሁ ነው። የፔሩና የቦሊቪያ ደገኞች ድንቹን በሌሊት ውርጭ አደርቅቀው፣ ውሃውን ረግጠው አውጥተው፣ በፀሐይ አድርቀው ለዓመታት ያቆዩታል። በእኛም አገር በርበሬ የምታደርቅና ድልህ የምታዘጋጅ ባለሞያ በየቤቱ አለች። ይህ ባልትና «የሴት ጓዳ ሥራ» ተብሎ ስለሚታይ ግን፣ ትናንት በቀጥቃጩ ላይ የደረሰው ንቀት ዛሬ በእርሷ ላይ ይደርሳል።

በእርግጥ ልማድ ብቻውን አይበቃም። የቲማቲም ድልህ በጠርሙስ ታሽጎ ለመሸጥ፣ ጠርሙሱን መቀቀል፣ ኮምጣጣነቱን መለካትና ሒሳብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይህን ማስተማር የትምህርት ቤት ፈንታ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ ከባልትናው ይነሣ፤ መሣሪያው ገበያ የሚገኝ፣ ገዢውም ብዙ ሰው ይሁን። የሥልጠናው መለኪያ የታደለው የምስክር ወረቀት ብዛት አይደለም፤ አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ድስቱ ከእሳት ላይ አለመውረዱ ነው። ከጋፋት የምንማረው ይህን ነው።