የመኪና ብሎወርና ኤሲ ብልሽት በሲሬና በአርሲ ደጋ

ብሎወር ከዳሽቦርድ ኋላ ተገጥሞ የሞቀውንም የቀዘቀዘውንም አየር ወደ ተሳፋሪው የሚገፋ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። ኤሲ ደግሞ ኮምፕሬሰር፣ ኮንደንሰር፣ ኢቫፖሬተርና በእነዚህ ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ነው። ብሎወሩ ሲቆምም ሾፌሩ «ኤሲዬ ተበላሸ» ስለሚል፣ ጋዝ ከማስሞላት በፊት ነፋሱ መኖሩ ይታያል።

ቀድሞ የዶዶታና ሲሬ ወረዳ አካል የነበረችው ሲሬ ከአርሲ ደጋ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርደው አገር ላይ ናት። እዚህ የሚመላለስ መኪና የአሰላን ብርድና የአዳማን ሙቀት በአንድ ቀን ያያል። በደጋው ኤሲ የሚፈለገው በተለይ ለመስታወት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የፊት መስታወቱ በተሳፋሪ ትንፋሽ ሲደበዝዝ፣ ኤሲው ከማሞቂያው ጋር ሲከፈት አየሩን አድርቆ ያጠራዋል። «ለደጋ ምን ያደርጋል» ተብሎ የኮምፕሬሰሩን ቺንጋ ማስፈታት እንግዲህ ብልህነት አይደለም።

ስንዴ በኮምባይነር በሚታጨድበት ወቅት እብቁና አቧራው በፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር መግቢያ ይሳባል። ፊልተሩ ይደፈናል፤ ፊልተር በሌላቸው የቆዩ መኪኖች ግን ቆሻሻው ኢቫፖሬተሩ ላይ ይጋገራል። ያኔ ብሎወሩ ይጮኻል፣ ነፋሱ ግን አይደርስም።

በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ብሎወር ሬዚስተሩ ተቃጥሏል ማለት ነው፤ ትልቁ ፍጥነት ሬዚስተሩን ሳያልፍ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ያገኛልና። አዲሱም ቶሎ ከተቃጠለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፦ የሞተሩ ኩሽኔታ ደርቆ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይሆናል፣ ወይም ሬዚስተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ታፍኗል። በሁሉም ፍጥነት ዝም ካለ ፊውዝና ሪሌይ ይታያሉ፤ ቀጥሎ የሞተሩ ሶኬት በቴስተር ይለካል። 12 ቮልት እየደረሰው የማይዞር፣ ቀስ ተብሎ ሲመታ ግን የሚነሳ ሞተር ካርቦኑ አልቋል። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ መተካት መኪናውን ለእሳት መስጠት ነው።

ነፋሱ ኖሮ ቅዝቃዜ ከሌለ ኮምፕሬሰሩ መያዙ ይታያል፤ ማግኔቱ ሲይዝ «ጠቅ» ይላል። ኤሲ ጋዝ አይበላም፣ ጋዙ የሚያልቀው ሲያፈስ ነው፤ ከቧንቧው መጋጠሚያ ላይ የዘይት እድፍ ካለ ማፍሰሻው እዚያ ነው። በጉዞ ቀዝቅዞ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲ ደግሞ የኮንደንሰሩ ማራገቢያ አይሠራም፣ ወይም ኮንደንሰሩ በገለባ ተሸፍኗል። የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ ከተደረገው የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1987) በኋላ አር-12 የተባለው የቀድሞ ጋዝ በአር-134ኤ ስለተተካና ዘይታቸው ስለሚለያይ፣ አሮጌ መኪና ላይ ዘይቱን ሳይቀይሩ አዲሱን ጋዝ መሙላት ኮምፕሬሰሩን ይጎዳል።

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ይጸዳል። በባሕር ጠለል ጌጁ ወደ 30 የሜርኩሪ ኢንች ይጠጋል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አሰላ ግን የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጥሩ ፓምፕም ከ22 ኢንች ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻ ማፍሰስን አያሳይም፤ ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መርፌው ከተንቀሳቀሰ ግን መስመሩ ያፈሳል።