ከዓለም ጤና እስከ ወደብ፤ የንግድ መስመር መጽናት በታሪክ ሲመረመር

ዓለም ጤና በሞጆና በመቂ መካከል፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ በሚወስደው ጐዳና ላይ የተቈረቈረች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በአካባቢው የሚመረተው ነጭ ቦሎቄም ሆነ በጐዳናው የሚያልፈው የሐዋሳ ልብስ ወደ ባሕር የሚወርደው በሞጆ በኩል ነው። ስለዚህ የውጭ ንግድ ሲናጋ ምን እንደሚደርስ ለመመርመር ይህን ጐዳና መነሻ አድርገናል። የምናቀርበውም ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም፦ የንግድን መስመር የሚያጸናው የመንገዱ ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ በር ሲዘጋ የሚያገለግል ሌላ በር አስቀድሞ መገኘቱ ነው።

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በናዝሬትና በሞጆ አልፎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዘመንም የመካከለኛው አገር ንግድ በዚህ ሐዲድ ላይ ተመሥርቶ ኖረ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ግን የአሰብ ወደብ እየተስፋፋ ስለ ሄደ ንግዱ ሁለተኛ በር አገኘ። የዚህም ጥቅም ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ታየ፤ ሐዲዱ ለወራት ሲቋረጥ ጭነቱ በመኪና ወደ አሰብ ዞረ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፣ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። በሁለቱም ጊዜ ንግዱ ተጐዳ እንጂ አልቆመም።

ሦስተኛው መዘጋት ከእነዚህ የተለየ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ አምራቾቹን ከሳቡት ነገሮች አንዱ አጎዋ የተባለው የ1992 ዓ.ም. የአሜሪካ ሕግ ነበር፤ በዚህ ሕግ የኢትዮጵያ ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ ነበርና። በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ምክንያት ግን ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዚህ ዕድል ወጣች። መንገዱ አልተበላሸም፤ ወደቡም አልተዘጋም፤ የተዘጋው ገበያው ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሥራ ሲቀንሱ ጉዳቱ የወደቀው በሠራተኞቹ፣ ይበልጡንም ከገጠር በመጡት ወጣት ሴቶች ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ቦሎቄንና ልብስን ማነጻጸር ይጠቅማል። የቦሎቄ ገዥዎች በብዙ አገር ስላሉ፣ አንዱ ቢቀር ነጋዴው በረከሰ ዋጋም ቢሆን ለሌላው ይሸጣል። ለአንድ ገዥ ትእዛዝ ተለክቶ የተሰፋ ሸሚዝ ግን ትእዛዙ ሲሰረዝ ሌላ ፈላጊ በቀላሉ አያገኝም።

እርግጥ፣ ሁለተኛ ወደብና ሁለተኛ ገበያ መያዝ ወጪ አለው፤ በደኅናው ዘመንም ትርፍ ወጪ መስሎ ይታያል። ሆኖም አሰብ በ1969 ዓ.ም. የጠቀመው ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ስለ ቆየ ነው። በችግር ቀን የሚፈለግ በር በችግር ቀን አይሠራም። ስለዚህ የመንገድ ሥራ ሲታቀድ፣ ጭነቱ በየትኛው ወደብ እንደሚወጣና ለስንት ገዥ እንደሚቀርብ አብሮ መመርመር እንዳለበት እናምናለን።