ባለከረጢቶቹ እንስሳትና የተሰጣቸው ስም

ከዚህ ቀደም አይቶት የማያውቀውን ፍጥረት ድንገት ያገኘ ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከሚያውቀው ፍጥረት ጋር ማመሳሰል ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ምሳሌው ስም ሆኖ ሲቀር፥ ስሙም ወደ ፍርድ ሲለወጥ፥ በተሰያሚው ላይ ብዙ ጕዳት ያደርሳል። ልጆቻቸውን በሆዳቸው ላይ ባለ ከረጢት የሚያሳድጉት የአሜሪካና የአውስትራልያ እንስሳት ታሪክ ይህንኑ ያሳየናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1500 ዓ.ም. ቪሴንቴ ያኜስ ፒንሶን የተባለው የእስፓኝ መርከበኛ በብራዚል ጠረፍ ሲዘዋወር፥ ኦፖሰም የምትባለዋን እንስሳ ከነልጆቿ አግኝቶ ወደ አገሩ ወሰዳት፤ በንጉሥ ፈርዲናንድና በንግሥት ኢሳቤላም ፊት አቀረባት። ስለ እርሷ የጻፉት ሰዎች አፏን ከቀበሮ፥ ጅራቷን ከጦጣ፥ ጆሮዋን ከሌሊት ወፍ፥ እጇን ከሰው ጋር አመሳሰሉት። እንዲህ ተከፋፍላ ካለቀች በኋላ ለራሷ የሚቀር አንዳች ነገር አልነበራትም። ልጆቿን የምትይዝበት ከረጢት ግን ምሳሌ ታጣለትና የጉድ ወሬ ሆነ።

ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፥ በ1629 ዓ.ም.፥ ባታቪያ የተባለችው የሆላንድ መርከብ ከምዕራብ አውስትራልያ ጠረፍ አጠገብ ካሉት ደሴቶች ላይ ተሰበረች። የመርከቢቱ የበላይ አዛዥ ፍራንሲስኮ ፔልሳርት በዚያ የምትገኘውን ትንሿን የካንጋሮ ወገን ተመልክቶ ራሷ የጥርኝ ራስ እንደሚመስል፥ የፊት እግሮቿ አጫጭር የኋላዎቹ ግን ረጃጅም እንደ ሆኑ ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ተመልካች ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በከረጢቱ ውስጥ ከጡቷ ጫፍ ጋር የተጣበቀ፥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ሽል ቢያይ፥ ግልገሉ ከጡቱ ጫፍ ላይ በቅሎ የሚያድግ መሰለው። በዚህ ልንስቅበት አይገባንም። አዲስ የተወለደው ግልገል የጡቱን ጫፍ በጐረሰ ጊዜ ጫፉ በአፉ ውስጥ ያብጥና እንደ ቍልፍ ይይዘዋል፤ በኀይል ቢያላቅቁት ይደማል። ስለዚህ ቅርንጫፍን ከግንዱ እንደ መገንጠል ሆኖ ቢታይ አያስደንቅም። ይህ አሳብ ከአውስትራልያ ሰፋሪዎች መካከል እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲነገር ኖሯል።

እንግሊዛዊው ጀምስ ኩክ በ1770 ዓ.ም. መርከቡን በሰሜን ምሥራቅ አውስትራልያ ሲያስጠግን ከሌሎቹ የተሻለ ሥራ ተሠራ፤ ይኸውም የአገሩን ሰዎች መጠየቅ ነው። የጉጉ ይሚዲር ሕዝብ ጋንጉሩ ብለው ነገሩ፥ ካንጋሮ የሚለውም ስም ከዚያ ወጣ።

ኮዋላ ግን ይህን ዕድል በግማሹ ብቻ አገኘ። በ1798 ዓ.ም. የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዥ አገልጋይ የነበረው ጆን ፕራይስ ከሲድኒ በስተ ምዕራብ ወዳሉት ተራሮች በተደረገው ጕዞ ስለዚህ እንስሳ ሲጽፍ፥ የአገሩ ሰዎች የሚጠሩበትን ስም ከመዘገበ በኋላ በአሜሪካ ዛፎች ላይ ከሚኖረው ዘገምተኛ እንስሳ ጋር አመሳሰለው። በአገሬው ቋንቋ የነበረው ስም ኮዋላ ተብሎ በሕዝብ አፍ ቀረ። የሊቃውንቱ መዝገብ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ፈረንሳዊው ብላንቪል በ1816 ዓ.ም. በግሪክ ቃል «ባለከረጢት ድብ» የሚል የወገን ስም አወጣለት፤ በማግሥቱ ዓመት ጀርመናዊው ጎልድፉስ «አመድማ» የሚለውን ጨመረበት። ድብ መባሉ እስከ ዛሬ ከብዙ ሰዎች አንደበት አልጠፋም። ነገር ግን ኮዋላ ከድብ ጋር ከጠጕሩና ከክብ ጆሮው በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዱ ዎምባት የሚባለው ጕድጓድ ቈፋሪ ነው።

እንግዲህ ይህ ድብ ያልሆነ ድብ ምን ዓይነት አካል እንዳለው እንመልከት። በፊት እግሩ ካሉት አምስት ጣቶች ሁለቱ ከሦስቱ ጋር ፊት ለፊት ስለሚጋጠሙ፥ ሁለት አውራ ጣት አለው ማለት ይቻላል፤ ቅርንጫፍን እንደ መቈንጠጫ የሚይዘው በዚህ ነው። በኋላ እግሩ ያለው አውራ ጣት ጥፍር የለውም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት ደግሞ በቈዳ ተያይዘው ጠጕሩን የሚያበጥሩለት ማበጠሪያ ሆነውለታል። በጣቶቹ ጫፍ ላይ እንደ ሰው አሻራ ያለ መስመር አለበት። ጅራት የለውም፤ በቅርንጫፍ መካከል ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ስለሚውል የመቀመጫው ጠጕር ጥቅጥቅ ያለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ምግቡ ነው። ኮዋላ የሚመገበው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ስለ ሆነ የቅጠሉን ሽታ እኛም እናውቀዋለን፤ ለጕንፋን ቀቅለን እንታጠንበታለን። ከብቶቻችን ግን ሌላ ሣር ባይኖር እንኳ አይነኩትም፤ ዘይቱ መርዝነት አለው፥ ቃጫውም ብዙ ነው። ኮዋላ ይህን ቅጠል በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ይበላል። ይህንም ሊያደርግ የቻለው፥ በአንድ ወገን የተዘጋው ዕውር አንጀቱ ሁለት ሜትር ያህል ስለሚረዝምና በውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን ሕያዋን ቃጫውን ስለሚያፈርሱለት ነው። የእንስሳው ቁመት አንድ ሜትር እንኳ እንደማይሞላ ልብ ይሏል። መርዙን ደግሞ ጕበቱ ያከሽፈዋል፤ በ2018 ዓ.ም. የታተመው የዘር ቅንጣቱ ጥናት መርዝ የሚያመክኑት ቅንጣቶች በኮዋላ ዘንድ እጅግ የበዙ መሆናቸውን አረጋግጧል። ከእንዲህ ያለ ምግብ የሚገኘው ኀይል ጥቂት ስለ ሆነ በቀን እስከ ሃያ ሰዓት ይተኛል። ሰነፍ ያሉት ሰዎች ሒሳቡን አልሠሩም።

አወላለዱም ከዚህ አያንስም። ኮዋላ ከ35 ቀን ያህል እርግዝና በኋላ የምትወልደው ግልገል ርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱም ከአንድ ግራም በታች ነው። ዐይኑ አልተከፈተም፥ ጠጕርም የለውም፤ የፊት እግሮቹ ግን አስቀድመው ጠንክረዋል፤ በእነርሱ እየቧጠጠ ያለ ማንም ርዳታ ወደ ከረጢቱ ይገባል። በዚያም ስድስት ወር ያህል ያድጋል። ከረጢቱ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች የሚከፈት በመሆኑ፥ ዛፍ ለሚወጣ እንስሳ የተሳሳተ አሠራር ነው ያሉ ነበሩ። ነገር ግን በአፉ ዙሪያ ያለው ጡንቻ እንደ ከረጢት ማሰሪያ ስለሚጠብቅ ልጁ አይወድቅም። ደግሞም ግልገሉ ወተቱን ከመተዉ በፊት ከእናቱ ዕውር አንጀት የሚወጣውን ለስላሳ ፈሳሽ ይበላል፤ ቃጫ የሚያፈርሱትን ሕያዋን የሚወርሰው በዚህ ነው፤ ለዚህም የከረጢቱ አፍ ወደ ታች መሆኑ ያመቸዋል። የዎምባት ከረጢትም እንዲሁ ወደ ኋላ የሚከፈት ነው፤ እናቲቱ ስትቈፍር በልጇ ላይ አፈር አትበትንም።

ነገር ግን ከረጢት የሁሉም መለያ አይደለም። ከእነዚህ ከሦስት መቶ ከሚበልጡ ዓይነቶች መካከል ጥቂት የቈዳ እጥፋት ብቻ ያላቸው፥ ጨርሶም የሌላቸው አሉ። የጋራ ምልክታቸው ልጅን እጅግ ገና ሳለ ወልዶ የቀረውን ዕድገት በወተት መፈጸም ነው። ካንጋሮ በዚህ ሁሉን ትበልጣለች፤ አንዱ ልጇ ከከረጢት ወጥቶ እየተመለሰ ሲጠባ፥ ሌላው አዲስ የተወለደ በሌላው ጡት ላይ ይሆናል፤ ከሁለቱ ጡቶችም በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ወተት ይፈልቃል።

ይህን ሁሉ የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን እንደ ጐደሎ ሥራ ቈጠሩት። እንግሊዛዊው ቶማስ ሃክስሊ በ1880 ዓ.ም. አጥቢዎችን ሲመድብ ባለከረጢቶቹን እንቍላል ከሚጥሉት በላይ፥ «እውነተኞቹ አራዊት» ከሚባሉት በታች መካከለኛ ደረጃ ሰጣቸው፤ ስማቸውም በዚያው ቀረ።

በታዝማኒያ ደሴት ይኖር የነበረውን ባለከረጢት አውሬ ሰፋሪዎቹ አንድ ጊዜ ነብር አንድ ጊዜ ተኵላ አሉት። ተኵላ የተባለ እንስሳ ደግሞ የበግ ጠላት ነው ተብሎ መፈረዱ አይቀርም። ከ1888 እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ የደሴቲቱ መንግሥት ለተገደለው አውሬ ሁሉ ሽልማት ከፈለ፤ የተከፈለው 2,184 ጊዜ ነው። በሕግ እንዲጠበቅ የታዘዘው በሐምሌ ወር 1936 ዓ.ም. ነበር። በሆባርት ከተማ የአራዊት ማኖሪያ የነበረው የመጨረሻው በዚያው ዓመት መስከረም 7 ቀን ሞተ።

ኮዋላን ደግሞ የጐዳው ብርድ የሚከላከለው ጠጕሩ ነው። ቈዳው በብዛት ወደ ውጭ አገር ይሸጥ ስለ ነበር የኩዊንስላንድ መንግሥት በ1927 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አደኑን ፈቀደ። የጋዜጣና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አጥብቀው ቢቃወሙም በዚያ በአንድ ወር ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ኮዋላዎች ተገደሉ፤ በአገሩም ጥቍሩ ነሐሴ እየተባለ ይታወሳል። ቍጣው ከዚያ በኋላ ሕጉን ስላስለወጠ፥ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኮዋላ በሁሉም የአውስትራልያ ግዛቶች ጥበቃ አገኘ።

አዳኙ ቢቀርም ምንጣሮና ቃጠሎ አልቀሩም። በ2019ና በ2020 ዓ.ም. ከተነሣው ታላቅ እሳት በኋላ፥ በየካቲት 2022 ዓ.ም. የአውስትራልያ መንግሥት በኩዊንስላንድ፥ በኒው ሳውዝ ዌልስና በዋና ከተማው ግዛት ያሉትን ኮዋላዎች ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ አስገባቸው። በመዝገቡም ላይ የተጻፈው የሊቃውንት ስም ብላንቪልና ጎልድፉስ ያወጡት ያው «አመድማው ባለከረጢት ድብ» ነው።