ከወልድያ መታጠፊያ ባሻገር

ግብፅ ደርሶ የመጣ ወዳጄ ያያቸውን ቤተ መቅደሶችና የነገሥታት መቃብሮች ሲተርክልኝ፣ እኔ የማስበው የወሎን መንገድ ነበር። በዚያ ካህናቱ ከጠፉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗል፤ የቀረው ጎብኚና የቲኬት ሻጭ ነው። የእኛዎቹ ግን ዛሬም ይቀደስባቸዋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከደሴ ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው፤ በስማቸው የሚታወቀው የብራና ወንጌልም የዚያው ዘመን ነው። ሴቶች አይገቡበትም። ከዚያ ውጫሌን አልፈው የሐብሩዋን መርሳን፣ ቀጥሎም ወልድያን ያገኛሉ። ከወልድያ ወደ ምዕራብ ታጥፈው በጋሸና በኩል ላሊበላ ይገባሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የመዘገባቸው 11 አብያተ ክርስቲያናት እዚህ ናቸው። የንጉሡ መቃብር አለበት የሚባለው ቤተ ጎልጎታም ለሴቶች የተከለከለ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ አለ፤ ከጀርባው የተከመረው አጽም ከሩቅ አገር የመጡ ምዕመናን ነው ይባላል።

ከዓመታት በፊት ከዚህ ጉዞ ስመለስ፣ መርሳ ቁርስ ላይ አንድ ወጣት ከጋቢው ሥር የተገነጠለ የብራና ቅጠል አውጥቶ «ግዛኝ» አለኝ። ዋጋው ከምሳ ሒሳብ አይበልጥም። የሕግ ሰው ነኝና ክልክል መሆኑን ነግሬ ሸኘሁት። ቅጠሉ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተቀደደ አለመጠየቄ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከላሊበላ የተሰረቀው አፍሮ አይገባ መስቀል ግን ቤልጅየም ድረስ ሄዶ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቷል፤ የተመለሰው በ2001 ነው። ሌባ የሚሰርቀው ገዢ ስላለ ነው።

ስለዚህ የሚሄድ ሰው ጫማውን ያውልቅ፤ ሥዕልና ብራና ፊት የካሜራ ብልጭታ አያብራ፤ ለሚከፍለው ደረሰኝ ይጠይቅ፤ አሮጌ ዕቃ አይግዛ። አካባቢው በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም ሌላ ግጭት የደረሰበት ነውና ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሰላም ያጣራ። መስቀሉን ከግምጃ ቤት አውጥተው የሚያሳዩት ቄስ የሙዚየም ሠራተኛ አይደሉም፤ ባለቤት ናቸው። እኛ እንግዶች ነን።