ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እህቴ ከስድስት ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን መጥታ፣ ኦቶና ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተሰብስበናል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ በወላይትኛ ጠየቀች፦

«ልጄ፣ ስትሄጂ በሰው አገር አርፈሽ ነው የሄድሽው። ስትመጪ ግን ሳታርፊ ደረስሽ። መንገዱ ያው አንድ አይደለም ወይ?»

«ነዳጅ ሊቀዳ ነው የሚያርፈው ይላሉ፣ እማዬ» አለች እህቴ።

«ሲመጣስ ነዳጅ አይጠጣም?»

ሁላችንም ሳቅን። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ መልስ ትጠብቅ ነበር። ከመጻሕፍት ጋር እውላለሁ የምለው እኔም መልስ አልነበረኝም።

አበው «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» ይላሉ። ብሂሉ ሐሳቡ ከአቅሙ የላቀበትን ሰው ይታዘባል። የእናቴን ጥያቄ ይዤ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የረጅም ጉዞ አውሮፕላኖች ታሪክ ስከተል ግን፣ ይኸው ብሂል ከትዝብቱ ይልቅ ምክሩ እየጎላብኝ መጣ። እነሆ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ከተለየው በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አየር መንገዱ የተቋቋመው በ1945 መጨረሻ፣ ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት ነበር። በሚያዝያ 1946 የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ባለ ሁለት ሞተር ሲ-47 ነበሩ። በሣር ሜዳ የሚያርፉ፣ ትዕግሥተኛ ፍጥረቶች ናቸው። የእኛዋ ሶዶም በአገር ውስጥ መስመር ላይ የነበረችበት ዘመን አልፏል። አውሮፓ ግን ለእነርሱ ሩቅ ነበር።

በ1958 አራት ሞተር ያለው ዲሲ-6ቢ መጣና የፍራንክፈርት መስመር ተከፈተ። በ1960 ደግሞ አህጉሩን አቋርጦ ወደ ምዕራብ አፍሪካ፣ እስከ ሞንሮቪያ ተበረረ። ያኔ ረጅም ጉዞ ማለት በየከተማው እያረፉ መሄድ ነበር። ማረፍ የመንገዱ ጠባይ ነውና ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

ጥያቄው የመጣው ከጄት ጋር ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚስበው ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ ፍጥነትና የረዘመ ሜዳ ይሻል። ሜዳው የማይበቃ ከሆነ ያለው መላ ክብደት መቀነስ ነው። የሚቀነሰውም ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሰው፣ ዕቃ ወይም ነዳጅ።

ነባሩ የልደታ ማረፊያ ለጄት አይበቃም ነበርና ቦሌ ተሠራ። በ1962 መጨረሻም ሁለት ቦይንግ 720ቢ ገቡ፤ በቀጣዩ ወር፣ በጥር 1963፣ ሥራ ጀመሩ። ይህ አውሮፕላን የ707 ታናሽ ወንድም ነው። አካሉ አጠር፣ ክብደቱ ቀለል ያለ ስለሆነ ለደጋ ሜዳ የተስማማ ነበር። ሌላው ዓለም በትልቅነት ሲፎካከር እኛ የመረጥነው መነሣት የሚችለውን ነው። በ1968 ታላቁ 707 ተከተለ፤ በ1973 ደግሞ አየር መንገዱ ቻይና ደረሰ።

ከዚያ 1984 መጣ። አየር መንገዱ የገዛው ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በመብረር አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። አንባቢ ሆይ፣ የጉዞውን አቅጣጫ ልብ በል። ክብረ ወሰኑ የተሰበረው ወደ አገር ቤት ሲመጣ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ማረፊያ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። በወፍራም አየር ነዳጁን ጢም አድርጎ ተነሣ፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው የላይኛው ነፋስም ከኋላው ገፋው። ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ቀልሏልና ከፍታው ለማረፍ አላስቸገረውም። ያው አውሮፕላን ያንኑ መንገድ ከቦሌ ተነሥቶ በአንድ ጉዞ ሊመልሰው አይችልም ነበር።

ዓመቱንም ልብ በል። ወሩ በእኛ ግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር። የሰባ ሰባቱ ረሃብ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ በሰሜኑ ብቻ ሳይሆን በወላይታም። እናቴ ያን ዘመን የምታስታውሰው ሳይደርስ እየተነቀለ በተበላው እንሰት ነው። አንድ አገር ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ በረረ፤ ያው አገር እህል ለተራበው ለማድረስ ተሳነው። አንዱን ለማድነቅ ሌላውን መርሳት አልሆነልኝም። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጽፌ አልፋለሁ።

የነዳጅ ነገር የሕይወትና የሞት ጥያቄ የሆነበት ቀንም ነበር። ኅዳር 1996 ሦስት ጠላፊዎች ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን 767 ይዘው «አውስትራሊያ ውሰደን» አሉ። ዋና አብራሪው ልዑል አባተ የተቀዳው ነዳጅ ለናይሮቢ ጉዞ የሚሆን ብቻ መሆኑን ነገራቸው። እነርሱ ግን አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ሰዓት መብረር እንደሚችል በአየር መንገዱ መጽሔት አንብበው ነበርና አላመኑትም። የሚችለውንና የያዘውን ለዩ ቢላቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ይህን ታሪክ ባስታወስሁ ቁጥር ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፍ አውሮፕላን የደካማ ምልክት አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዓመታት የዕድገት ናቸው። በ2010 ቦይንግ 777-200ኤልአር፣ በ2012 787 ድሪምላይነር፣ በ2016 ኤርባስ ኤ350-900፣ በ2024 ኤ350-1000 ገቡ፤ አራቱንም በአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው። በ2013 መጀመሪያ ድሪምላይነሮች በባትሪ ችግር በዓለም ዙሪያ ሲታገዱ፣ በሚያዝያ ከሁሉ ቀድሞ ተመልሶ መንገደኛ ያጓጓዘውም እርሱ ነው፤ ጉዞው ወደ ናይሮቢ ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በሮም፣ ኋላም በደብሊንና በሎሜ እያረፉ ነዳጅ ሲቀዱ ኖረዋል። ሞተሩ ተሻሻለ፤ አካሉ በካርቦን ጭረት ተሠርቶ ቀለለ፤ የቦሌ ሜዳ 3,800 ሜትር ደረሰ። ከፍታው ግን ያው ነው። ለአዲሱ ትልቅ ማረፊያ የታሰበው የቢሾፍቱ አካባቢም ከቦሌ አራት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከስሳ ዓመት በኋላም የምንሟገተው ከዚያው ከከፍታው ጋር ነው።

አንድ ነገር ግን አስደነቀኝ። በነባሮቹ ጄቶች ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር የሚመጣጠን ነው፤ የአዲስ አበባ አየር እንደ ማለት። በድሪምላይነርና በኤ350 ግን ወደ 1,800 ሜትር ይወርዳል። ሶዶ ከተማ የተቀመጠችው ከ1,600 እስከ 2,100 ሜትር ባለው መካከል ነው። እህቴ በአትላንቲክ ሰማይ ላይ ስታንቀላፋ የምትተነፍሰው፣ በግፊቱ፣ የሰፈሯን አየር ነው።

እህቴ ልትሄድ በዋዜማው፣ እስከዚያ የደረስሁበትን ያህል ለእናቴ ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፦

«ገባኝ» አለች። «ሴት ሸክም ይዛ ገበያ ስትወጣ መንገድ ላይ ታርፋለች። ሸጣ ስትመለስ አታርፍም።»

ሳይንሱ ከዚህ ትንሽ ይለያል። እኔ ግን አላረምኋትም፤ ከዳሞታ ጥግ እስከ ሶዶ ገበያ ስንት ዘመን ተሸክማ እንደተመላለሰች አውቃለሁና። ሩቅ ያሰበ ቅርብ ቢያድር ምን ነውር አለው? ነውሩ ማደሩን አፍሮ መቅረት ነው።

ማታ ሻንጣው ሲመዘን ከተፈቀደው አለፈ። እናቴ ጎንበስ ብላ ከሁለቱ የዳጣ ዕቃዎች አንዱን አወጣች።

«ይኼኛው ይቅር» አለች፤ «ለነዳጁ ቦታ እንተውለት።»