ቅማሉና ውሃው፦ የአኳሪየም ዓሣ ሕክምና አጭር ታሪክ

በመስታወት ገንዳ ማለትም በአኳሪየም የሚኖር ዓሣ ሲታመም ድምፅ ስለማያሰማ፣ ሕመሙ የሚታወቀው በቆዳው፣ በክንፎቹ፣ በአተነፋፈሱና በአዋኛኘቱ ላይ ከሚታየው ለውጥ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ምልክቱን ለይቶ ያወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ሲሆን፣ ምልክቱ ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት ግን የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስኪያልፍ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የጥንቱ ምስክርነት የሚገኘው ከቻይና ነው። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቀይና ወርቃማ ዓሣ በኩሬ ማርባት በመኳንንቱ ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ለባለቅኔው ለሱ ሺ (1037–1101) የሚሰጥ፣ ነገር ግን የእርሱ መሆኑ አጠራጣሪ የሆነ አንድ የልዩ ልዩ ዕውቀት መድበል፣ ዓሣ ከስቶ ገላው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከወጣበት ቅማል እንደያዘው ይናገርና የዛፍ ልጥ ውሃው ውስጥ እንዲጣል ያዝዛል። መክሳቱና ነጠብጣቡ አብረው መጠቀሳቸው ጸሐፊው በቅርብ የተመለከተ ሰው መሆኑን ያሳያል፤ መድኃኒቱ በቀጥታ ለዓሣው መሰጠቱ ቀርቶ ውሃው ውስጥ መጨመሩም እስከ ዛሬ የዚህ ሕክምና ዋና መንገድ ሆኖ ቆይቷል።

በአውሮፓ ጉዳዩ የቤት ውስጥ ጉዳይ የሆነው የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦችን ከውሃ ውስጥ ተክል ጋር በአንድ ዕቃ አኑሮ ውጤቱን በ1850 ለኬሚካል ማኅበር ካቀረበ በኋላ ነው። የተክሉ ቅጠሎች እየበሰበሱ ውሃውን ሲያበላሹበት ቀንድ አውጣዎችን ጨምሮ ውሃውን አጠራ፤ ከዚህም ዓሣው፣ ተክሉና ቀንድ አውጣው እርስ በርስ ተደጋግፈው ውሃው ሳይለወጥ ይኖራሉ የሚለው እምነት ተስፋፋ። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ ሆኖም ብዙ አርቢዎች ያረጀ ውሃን እንደ ሀብት እንዲጠብቁ በማድረጉ በዓሦቹ ላይ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አልነበረም።

ነጩ ነጠብጣብ በሳይንስ ዓይን የታየው በ1869 ሲሆን፣ ሒልገንዶርፍና ፓውሊኪ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ከሐምቡርግ በጣፋጭ (ጨው አልባ) ውሃ ዓሦች ቆዳ ላይ የሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ተውሳክ፣ ማለትም በሌላ ፍጡር አካል ላይ የሚመገብ ጥገኛ፣ መኖሩን ገለጹ። ከሰባት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፉኬ «ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ» ብሎ ሰየመው፤ ትርጉሙም «ብዙ ልጆች ያሉት የዓሣ ቅማል» ማለት ነው። ቻይናዊው ጸሐፊና ፈረንሳዊው ተመራማሪ በዘመንም በአገርም ተራርቀው ሳሉ ሁለቱም «ቅማል» ማለታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ የፉኬ ብልጫ ግን «ብዙ ልጆች» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ምክንያቱም የበሽታው ምስጢር ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ይገኛል። ተውሳኩ የዓሣውን የላይኛ ቆዳ ሰርስሮ ይገባና ከሥሩ ሆኖ ይመገባል፤ እስከ አንድ ሚሊሜትር ሲደርስ በዓይን የሚታየው ነጭ ነጥብ እርሱ ነው። ከጠገበ በኋላ ከዓሣው ወርዶ በጠጠር ወይም በቅጠል ላይ ይጣበቅና በሽፋን ተጠቅልሎ ወደ ብዙ መቶ ልጆች ይከፋፈላል፤ ልጆቹም ሽፋኑን ቀደው ወጥተው በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ሌላ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚገድለው በውሃው ውስጥ የሚዋኙትን ልጆች ብቻ ነው፤ ከቆዳው ሥር ያለውንም ሆነ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን አይነካም። በመሆኑም ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ ሕክምናውን ያቋረጠ አርቢ፣ ዑደቱ በሞቀ ውሃ በአንድ ሳምንት ገደማ ስለሚጠናቀቅ፣ ብዙ ሳይቆይ በሽታው ከበፊቱ በዝቶ ሲመለስ ያየዋል።

የዓሣ ሕመም ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ የሆነው በሙኒክ ነው። ብሩኖ ሆፈር በ1904 የዓሣ በሽታዎችን መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ አብራው የሠራችው ማሪያን ፕሌን ደግሞ ሴቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ማዕረግ በማይደርሱበት ዘመን በ1914 የፕሮፌሰርነት ስያሜ ለመቀበል በቃች። የእነርሱ ዘመን ያስተማረው ትልቁ ነገር ከዓሣው ቆዳ ጥቂት ልጋግ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሥር ማየትን ነው፤ በዚያ ጠብታ ውስጥ የፈረስ ኮቴ ብረት የሚመስል እምብርት (ኑክሊየስ) ይዞ በዝግታ የሚሽከረከር ክብ አካል ከታየ በሽታው ነጩ ነጠብጣብ መሆኑ ያለ ጥርጥር ታውቋል። ሆኖም መለየት ሁልጊዜ መፈወስ አይደለም፤ ቪልሄልም ሼፐርክላውስ በ1941 የኒዮን ቴትራ ዓሣን ደማቅ ቀለም የሚያደበዝዘውን የጡንቻ ተውሳክ ለይቶ ቢያስታውቅም፣ አስተማማኝ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘለትም።

መድኃኒቶቹ በአብዛኛው የመጡት ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ነው። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለም የተሠራው ፉኬ ለተውሳኩ ስም ባወጣበት በዚያው በ1876 ነበር፤ ማላካይት ግሪን የተባለው አረንጓዴ ቀለም ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለሻጋታ፣ በኋላም ከፎርማሊን ጋር ተቀላቅሎ ለነጩ ነጠብጣብ ዋለ። ማላካይት ግሪን በዓሣው ሥጋ ውስጥ ስለሚቀርና ለሰው ጤና ስለሚያሰጋ ለምግብ በሚውሉ ዓሦች ላይ በአሜሪካም በአውሮፓም ተከልክሏል።

ከሁሉም ዘግይቶ የተስተዋለው የውሃው መርዝ ነው፤ ከተውሳክ ሁሉ የበለጠ ዓሣ የጨረሰውም ምናልባት ይህን መርዝ በሽታ ነው የሚለው የተሳሳተ ምርመራ ነው። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ በባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት እንደሚለወጥ ቪኖግራድስኪ ባክቴሪያዎቹን በ1890 ለይቶ በማውጣት አሳየ፤ ዕውቀቱ ወደ ዓሣ አርቢዎች ቤት እስኪገባ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት አለፉ። ባክቴሪያው ገና ባልተራባበት አዲስ ገንዳ ውስጥ ናይትራይት ሲከማች የዓሣው ደም ቡናማ ሆኖ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ዓሣውም ወደ ላይ ወጥቶ ስንጥቡን (መተንፈሻ አካሉን) ፈጥኖ እያርገበገበ አፉን ይከፍታል፤ ባለቤቱም በሽታ ነው ብሎ ቀለሙን ያፈስበታል። ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር ነው ተብሎ በመጻሕፍት ሲደጋገም ቆይቶ፣ በ1998 በጣፋጭ ውሃ አኳሪየሞች ላይ የተደረገ ጥናት ዋናው ሠራተኛ ናይትሮስፓይራ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ መሆኑን አሳይቷል።